ሁለት ቅጠል አንድ ላይ

በአንድ ወቅት፣ የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛሬም ተጨቃጭቀው ባልጨረሱበት ዘመን፣ ወይራ አምባ በምትባል ከተማ አንድ የብራና መጽሐፍ ነበር። የጻፉት መሪጌታ እንግዳሸት ናቸው። ፈንጣጣ አገሩን ሲያጭድ ከበሽተኛ ቁስል ጥቂት እየወሰዱ፣ የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ከተማዋን ያተረፉ ሰው ነበሩ። እንዴት እንዳደረጉትም በመጽሐፉ አስቀመጡት። በየዓመቱ በመታሰቢያቸው ቀን ከዘራቸው አንዱ በአደባባይ ያነበዋል። ንባቡ ሲያልቅ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እዚያው ዋርካ ሥር ክትባት ትሰጣለች። በሌላ ቀን መርፌ ሲባል ልጇን የምትደብቅ እናት እንኳ በዚያ ቀን «የመሪጌታ ነው» ብላ ክንዱን ትገልጣለች።

አንባቢው ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለት የብራና ቅጠል አንድ ላይ ይገልጥ ነበር።

የውብዳር ይህን ያየችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነው። «አባባ፣ ዘለልክ እኮ» አለችው። «በሰም ተጣብቆ ነው» አላት። በሃያ ዓመቷ ሰሙን በጥፍሯ ፍቃ አነበበች። ካነበበች በኋላ ሰሙን አሙቃ መልሳ አጣበቀችው። ይህን ለሃያ ሦስት ዓመት ለማንም አልተናገረችም።

የተጣበቀው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አስቀድሜ በገዛኋት ባሪያ በወለላና በወንድሟ ሞከርሁት። እርስዋ ዳነች፣ ልጁ ሞተ። አጥንታቸው ከጨዋ አጥንት አይቆጠርምና ኀዘን አልተቀመጥንም።»

የወለላ ዘር አልጠፋም። እማማ ጠጅቱ ከከተማው በታች፣ ከጅረቱ ዳር ይኖራሉ። የመሪጌታ ቤት ባሪያ ዘር እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ጋብቻ ካልመጣ በቀር ማንም አያነሳውም። የልጅ ልጃቸው እናኑ ግን በዚያ ዓመት ከወንዝ ማዶ ላለ አንድ አስተማሪ ታጭታ ነበር። የማዶ ሰዎች አልሰሙም።

የየውብዳር አባት ሲሞት «መጽሐፉ ለሚገባው ይሰጥ፤ ከመታሰቢያው በኋላ ሽማግሌዎች ይፍረዱ» ብሎ ተናዘዘ። ሦስቱ ልጆቹ፣ ታላቁ ጓንጉል፣ የውብዳርና ታናሹ ምንውየለት፣ ከአርባው ማግስት መጽሐፉን ከፍተው፣ የተጣበቀውንም ገልጠው አብረው አነበቡት። ማንም ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሰሙን አሙቀው መልሰው አጣበቁት።

መጀመሪያ የተነሳው ምንውየለት ነው። ወደ ጅረቱ ወረደ፣ ጫማውን ደጅ አወለቀ፣ ከእማማ ጠጅቱ እግር ሥር ተንበርክኮ የተጻፈውን ቃል በቃል ነገራቸው።

«ይቅር ይበሉን፣ እማማ።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው?»

«መሪጌታን።»

«እሳቸው ናቸው የላኩህ?»

ምንውየለት አለቀሰ። የእማማ ጠጅቱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነበር የሚቀበሩት። እሱ ግን ከአጥሩ ውስጥ፣ ከመሪጌታ አጠገብ ያለውን የራሱን መቀበሪያ ለእሳቸው ሰጠ፤ የደብሩን አለቃ አስፈርሞም ወረቀቱን በእጃቸው አኖረ። ሲወጣ «ነገሩ ብቻ በመሃላችን ይቅር» አለ።

«እሱማ ስንት ዘመን በመሃላችን ኖረ፣ ልጄ» አሉት።

በመታሰቢያው ቀን የማንበቡ ተራ የደረሰው ለየውብዳር ነበር። ዋርካው ሥር ቆማ እዚያ ቦታ ስትደርስ ጣቷ በልማዱ ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ያዘ። በራሷ ጣት ተናደደች። ሰሙን ገልጣ እስከ መጨረሻው ቃል አነበበች።

«ሙት ወቃሽ አታድርጊን!» ብሎ ጓንጉል ከፊት ወንበር ተነሳ።

«የወቀስኩት እኔ አይደለሁም፣ ወንድም ጋሼ። የጻፉት እሳቸው ናቸው።»

ከእናቶቹ ግማሹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «በሰው ልጅ ላይ የተሞከረ ነው እንዴ!» ትላለች አንዷ። «እኔ ደግሞ ባሪያ የቀመሰውን ለልጄ?» ትላለች ሌላዋ። የውብዳር ሁለተኛዋን ስትሰማ መሬት ብትውጣት ወደደች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ነገሩ በሳምንት ውስጥ ወንዙን ተሻገረ፤ የማዶ ሽማግሌዎች መጥተው የእናኑን ቀለበት አስመለሱ። የውብዳር ወደ ጅረቱ ሮጠች። እናኑ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው» አለች የውብዳር።

«ለእኛ ከሆነ ታዲያ ብትጠይቂን ምን ነበረበት?»

በሩ ተዘጋ። የውብዳር ዳገቱን እየወጣች «ሃያ ሦስት ዓመት ዝም ብዬ አጠፋሁ፣ ተናግሬም አጠፋሁ፤ ታዲያ ምን ይሁን?» እያለች ድንጋይ ትመታ ነበር።

በወሩ ኩፍኝ ማዶ ገባ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ነርሷ ቤት ለቤት ብትዞር በር የሚከፍትላት አጣች። ያን ጊዜ ጓንጉል መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ያበጠ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከነርሷ ጋር ደጃፍ ለደጃፍ ዞረ። በየቤቱ እጁን በመጽሐፉ ላይ ጭኖ ማለ፦ «ያን ቅጠል ጠላት ነው የጨመረበት። የመሪጌታ እጅ አይደለም። ወለላም ወንድሟም የሚባሉ አልነበሩም።» እናቶቹ መሐላውን ሰምተው ልጆቻቸውን አወጡ። ኩፍኝ ወይራ አምባ ገባ፤ አንድም ሕፃን ሳይወስድ ወጣ።

የውብዳር መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«በሐሰት ማልክ፣ ወንድም ጋሼ።»

«በነፍሴ ማልኩ። የማን ልጅ ይሙትልሽ ነበር?»

መንገዱን ለቀቀችለት። ጥያቄው ከመሐላው ይበልጥ አንገበገባት።

የፍርዱ ቀን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ምንውየለት «እኔ ከተበደሉት እግር ወድቄአለሁ» አለ። ጓንጉል «እኔ ሕፃናቱን አትርፌአለሁ» አለ። የየውብዳር ተራ ሲደርስ «እኔ የተጻፈውን አንብቤአለሁ» አለች፤ ለራሷ ጆሮ እንኳ ትንሽ ሆኖ ተሰማት። ለጓንጉል የሚያጨበጭብ በዛ። አንዳንዱ ለምንውየለት ራሱን ነቀነቀ። ለእሷ የተነሱት ሁለት ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ወዲያው እርስ በርስ ተጣሉ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ባሻ ወንድይራድ ከኋላ፣ ከሰው ሁሉ ጀርባ የቆሙትን እማማ ጠጅቱን አዩ።

«ጠጅቱ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ።

«አንዱ በሹክሹክታ ነገረኝ» አሉ እማማ ጠጅቱ። «አንዷ ከተማ ሰብስባ ነገረችኝ። አንዱ ደግሞ አልነበራችሁም አለኝ። የሞተውን ልጅ ስም የጠየቀኝ ግን የለም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም» አለች የውብዳር።

«መጽሐፉ ላይ የለም። እኛ ቤት ግን ሴት ለሴት ስንቀባበለው እዚህ ደርሷል።»

ባሻ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያስ መጽሐፉን ለአንቺ እንስጥሽ?»

«ለእኔ? ማንበብ መች ተማርኩ! ወለላን ማን ፊደል አስቆጠራት?» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። «እናኑ ግን ታነባለች። ዛሬ ከቤት አልወጣችም እንጂ።»

ይህን ብለው ወደ ጅረቱ ቁልቁል ወረዱ። የውብዳር ስሙን ልትጠይቅ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ ደግሞም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መጠየቅ እንደገና ያንኑ ጥፋት ማድረግ መሰላትና ባለችበት ቀረች። መጽሐፉ በበርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ቅጠሎች ተላቀዋል፤ ነፋሱ አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ አንድ ጊዜ አብሮ ያገላብጣቸዋል። ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ተከራክረው ሳይስማሙ ተነሱ።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ። ተንበርክኮ «በመሃላችን ይቅር» ላለው፣ ሳትጠይቅ ላነበበችው፣ በሐሰት ምሎ ሕፃናትን ላተረፈው፣ ወይስ በሩን ዘግታ ለተቀመጠችው፦ መጽሐፉ ለማን ይገባል? የተሰጠውስ ሰው በመጪው ዓመት ዋርካው ሥር ቆሞ እዚያ ቅጠል ላይ ሲደርስ ምን ያድርግ?