ቁልቁል ብቻ የሚሞከር መኪና

አንድ ቀን፣ ልደት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ ብርቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መንጃ ፈቃዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መኪና ልትገዛ ወጣች። መንጃ ፈቃዱ ገና ትኩስ ነው። ሃምሳን ካለፈች በኋላ መሪ መጨበጥ ስትማር ሰፈሩ ስቆባታል። አሁን ደግሞ ያለ ወንድ መካሪ፣ ብቻዋን አዲስ አውቶሞቢል ልትመርጥ ስትወርድ ያየ ሁሉ «እንግዲህ በቀለሟ ነው የምትመርጣት» እያለ ተሳለቀ። እሷ ግን የቀለም ነገር በሕልሟም የለም። የምትፈልገው ዳገት የሚወጣ መኪና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቷ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ሊያልቅ ሲል፣ እግዜር አፈሩን ቆልሎ ማስተካከሉን የረሳው የሚመስል ቦታ ላይ ነው። ባሏ ጋሽ ወንድይራድ ባለፈው ክረምት አዳልጦት ዳሌውን ተሰበረ። ሐኪሞቹም እግሩ እንዳይደርቅ በየሳምንቱ እየመጣ ይታሽ አሉ። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ደግሞ ሰፈሩን ሲሰሙ ጥሪውን ይሰርዛሉ። አንዱማ ደውሎ፣ እናቴ፣ እዚያ ድረስ መኪና ከሚጠሩ ሄሊኮፕተር ቢጠይቁ ይሻላል ብሏታል። ስለዚህ የጎረቤት ጎረምሶች ጋሽ ወንድይራድን በወንበር ተሸክመው ያወርዱት፣ ተሸክመው ያወጡት ነበር። ኩሩ ሰው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ተሸክመው ሲያወጡት ሰፈሩ በር በር ላይ ቆሞ «አይዞን ጋሼ» ሲለው አንገቱን ደፋ፤ ቤት ሲገባም ቃሉን ሰጠ።

«ከእንግዲህ ሰው የሚሸከመኝ አንዴ ነው፤ እሱም ስሞት።»

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት አልሄደም። እግሩም መድረቅ ጀመረ። እትዬ ብርቅነሽ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ የንስሐ አባቱን ብታስመጣበት አልሰማ ሲላት ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን አወጣችና፣ ክፉ ቀን ከዚህ ወዲያ ምን አለ ብላ ቁልቁል ወረደች።

መኪና ሻጩ አቶ አንዳርጌ ይባላል። ቢሮው ከታች፣ አደባባዩ ጥግ ላይ ነው፤ መኪኖቹ የሚቆሙበት ግቢ ግን ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። እዚያ ኪራይ ይረክሳል። ስለ ቋጣሪነቱ የሚወራው ብዙ ነው፤ ሻዩ ውስጥ ዝንብ ብትወድቅ ክንፏን መጥጦ ነው የሚለቃት ይሉታል። ከቋጣሪነቱ የሚብሰው ግን ዐዋቂነቱ ነው። ስለ መኪና የማያውቀው የለም። ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሌላ ሰው ትዳርም እንዲሁ።

ይህ ሰው የራሱ የሆነ አሻሻጥ አለው። ገዢ ከቢሮው በታክሲ ወደ ግቢው ይወጣል። ዓይኑ ያረፈባትን መኪና አቶ አንዳርጌ ራሱ እየነዳ፣ ገዢውን ጎኑ አስቀምጦ፣ ቁልቁል ወደ ቢሮው ያወርዳታል። ሙከራው ይኸው ነው። ውሉም እስክሪብቶውም የሚጠብቀው ከታች ነው፤ የወረደችዋም መኪና ለአላፊ አግዳሚው ማስታወቂያ እንድትሆን ቢሮው ደጃፍ ትቆማለች። ሌላ መኪና አይቼ ላወዳድር ያለ እንደገና በታክሲ ይውጣ። አብዛኛው ሰው የታክሲው ሰልፍ ስለሚያንገሸግሸው ከመጀመሪያዋ መኪና ጋር ይታረቃል። የአቶ አንዳርጌም ገበያ የቆመው በዚሁ ነው።

እትዬ ብርቅነሽ ግን የምታወዳድረው ሦስት መኪና እንዳላት አስቀድማ ነገረችው፤ ነጭ፣ ብርማና ቀይ። ሦስቱም ለእሷ አቅም የሚሆኑ፣ ልክና መልክ የሚቀራረቡ አውቶሞቢሎች ናቸው። አቶ አንዳርጌ ፊቱ ትንሽ ጨፈገገ፤ ግን ገዢ ገዢ ነውና ታክሲ ተሰለፉ። ሒሳብ ሲጠየቅ ኪሶቹን ሁሉ ደባበሰና ዝርዝር እንደሌለው በሐዘን ገለጸ። ከፈለችለት።

መጀመሪያ ነጯን አየች። መሪውን ልያዘው ብትለው፣ ውል ያልፈረመ ሰው መሪ አይነካም፣ ደንብ ነው አላት። ገቡ። ከግቢው እንደወጡ ማርሹን ነፃ ለቀቀው፤ ቀኝ እግሩም ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እጥፍ ብሎ አረፈ። መኪናዋ በራሷ ጊዜ ቁልቁል ተንሸራተተች። አቶ አንዳርጌ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ጸጥ እንድትልለት ጠየቃት። ጸጥ አለች።

«የሞተሯ ድምፅ ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም።»

«ጥራት ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።»

እትዬ ብርቅነሽ የታጠፈውን እግሩን አየች። ታች ሲደርሱም፣ ለመሆኑ ዳገት ትወጣልኛለች ወይ ብላ ጠየቀችው። በርኅራኄ ተመለከታት፤ ቁልቁለት ያላስቸገራትን መኪና ዳገት ምን ሊያደርጋት ነው አላት።

እንደገና ታክሲ ተሰለፉ። ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሷል። ተራቸው ሲደርስ የመጣችው ከእነሱ ዕድሜ ብዙም የማትርቅ፣ በሯ በገመድ የታሰረ ሚኒባስ ናት። አቶ አንዳርጌ መንገዱን ሁሉ ስለ መኪና ሲያስተምራት ወጣ። ነጯ ለክብር፣ ብርማዋ ለቤተሰብ፣ ቀይዋ ለወጣት መሆኗን፣ ሴቶች ግን ይህንን ሳይረዱ የፀሐይ መከላከያው ላይ መስታወት አለው ወይ ብለው ብቻ እንደሚጠይቁ አብራራላት። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ግን ንግግሩ ተቋረጠ፤ ድንገት ወደ መስኮቱ ዞሮ ሰማዩን መረመረ። ዝናብ የለም አለ። ከፈለችለት።

በብርማዋ ወረዱ። እንደ ነጯ ሁሉ ጸጥ ብላ ተንሸራተተች፤ እግሩም እንደቅድሙ ታጠፈ። የዕቃ መጫኛዋ ሙሉ በግ ከነቀንዱ እንደሚይዝ ነገራት። ይህችኛዋስ ዳገት እንዴት ናት ስትለው፣ ለምን ተመልሰን በእሷው አንወጣም ስትለው፣ አቶ አንዳርጌ ደነገጠ። ነዳጅ የሚቀዳው ለሚገዛ እንጂ ለሚሞክር አይደለም ሊል ከአፉ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን ዐዋቂ ነውና ሌላ ዕውቀት አመጣ።

«እትዬ፣ አዲስ መኪና ማለት አራስ ናት። ወገቧ ሳይጠና ዳገት አይደረግባትም።»

«እኔ አራስ ሆኜ ይህንኑ ዳገት ከነጄሪካኔ ወጥቼዋለሁ» አለችው። «እሷ እኮ ባዶዋን ናት።»

አቶ አንዳርጌ፣ ያኔና ዛሬ አንድ አይደለም፣ የዛሬ ብረትም የዛሬ ሴትም ስስ ነው እያለ ወደ ታክሲው ሰልፍ አመራ።

አሁን የመጣችው ያቺው በሯ የታሰረ ሚኒባስ ናት። ረዳቱ፣ ጢሙ ሽበት የጣለበት ሰው፣ ሁለቱን ሲያይ ሳቀ፤ እናንተ ሽማግሌዎች ስለት ነው የምታደርሱት ወይስ ፍቅር ይዟችኋል አላቸው። ሰው ሞልቷል። የበዓል ገበያ የዋለ አንድ ገበሬም በጉን ታቅፎ ገባና ከአቶ አንዳርጌ ጎን ተቀመጠ። በጉ ደክሞታል መሰል፣ አንገቱን በአቶ አንዳርጌ ጭን ላይ ዘረጋ። ሚኒባሷ አቃሰተች፣ ጢሷን ለቀቀች፣ የጀርባ ወንበሯ ብሎን እየተንቋቋ ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዘንቢል፣ ያንንም በግ ይዛ ዳገቱን ወጣችው። አቶ አንዳርጌ ሱሪውን ከበጉ አፍ እያስጣለ፣ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ከመንገድ መታገድ አለበት ብሎ አጉረመረመ። ሒሳብ ሲባል ሁለቱም እጆቹ በበጉ ተይዘዋል። ከፈለችለት።

በቀይዋ ሲወርዱ እትዬ ብርቅነሽ ስለ ዳገት አልጠየቀችም። ይልቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሽቅብ ወደ ቤቷ አቅጣጫ ተመለከተች። ጋሽ ወንድይራድ ይኼኔ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ መንገዱን ያያል። ገዝታ የምታመጣው መኪና ዳገቱ ላይ ብትቆም፣ ጎረምሶቹ ሊገፉ ቢመጡ፣ ሰፈሩ በር በር ላይ ቢወጣ፣ ያ ኩሩ ሰው ዳግመኛ ከቤት የሚወጣ አይደለም። አቶ አንዳርጌ ዝምታዋን እንደ መሸነፍ ቆጠረው። ተደሰተ፤ ማርሹን ነፃ ለቆ እያፏጨ ወረደ።

ቢሮው ውስጥ ሌሎች ገዢዎችም አሉ። አንድ ባልና ሚስት ደጃፍ ላይ የቆመችውን ነጯን መኪና ወድደው፣ ውሉ ፊታቸው ተዘርግቶ፣ ባልየው እስክሪብቶ አንሥቷል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ መነጽራቸውን እየወለወሉ ተራ ይጠብቃሉ። አቶ አንዳርጌ ተመልካች ሲያገኝ ድምፁ ይወፍራል። ወንበር ስቦላት፣ ወረቀቱን አቅርቦላት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። እነሆ ግማሽ ቀኑን ከዚህች እመቤት ጋር እንደዋለ፣ ሌላ ሻጭ ቢሆን ገና በሁለተኛዋ መኪና አምርሮ እንደሚተዋት፣ እሱ ግን ዕውቀቱን ሳይሰስት እንዳካፈላት ገለጸ። ከዚያም ክንዱን በክንዱ ላይ አነባብሮ ፈተናት።

«እንግዲህ መኪና የማታውቅ ሴት ናት እንዳይሉብዎ፣ እዚሁ በሰው ፊት ይፍረዱ። ዛሬ ከተሳፈሩባቸው ሁሉ የበለጠችው የትኛዋ ናት?»

ባልየው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። ሽማግሌውም መነጽራቸውን አደረጉ። እትዬ ብርቅነሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች።

«እውነቱን ከፈለጉማ አቶ አንዳርጌ፣ የበለጠችው ታክሲዋ ናት። የእርስዎ ሦስቱ እኔን ይዘው ወረዱ፤ ቁልቁል መውረድ ድንጋይም ይችልበታል። እኔን፣ እርስዎንና በጉን ይዛ ዳገቱን የወጣችው እሷ ብቻ ናት። ባለቤቱን የሚያውቁት ከሆነ ያስማሙኝ፤ የድለላዎን አልነፍግዎትም።»

ባልየው እስክሪብቶውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ሚስትየዋ ውሉን አጠፈችና፣ እኛም ቤታችን ዳገት ላይ ነው አለች። ሽማግሌው ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ሳል ያዛቸው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የአቶ አንዳርጌ መኪኖች፣ እሱ በገዛ እጁ ነዳጅ ቀድቶላቸው፣ ሽቅብ ሲሄዱ ታዩ። ነጯ መንገድ ላይ ተንፍሳ ቀረች፣ ቀይዋ ከነጯ ትንሽ አልፋ ቆመች፤ የብርማዋ ውል ግን የተፈረመው በሞተሯ ክዳን ላይ፣ እትዬ ብርቅነሽ ደጃፍ ነው፤ ጋሽ ወንድይራድም ውሉ እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠብቅ፣ ከዘራውን ይዞ ከኋላ ወንበር ገብቶ፣ ሐኪም ቤቱ ሳይዘጋ ቶሎ በሉ ይል ነበር።