ማንም ያላወራው ወሬ

አንድ ግንበኛ ነበረ፤ መንገሻ ይባላል። ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚያወጣ፣ የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ሲደረድር የቆመበት ጣውላ ከዳውና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጭንቅላቱ ግን ክፉኛ ተመታ። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሦስት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ከቆየ በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያም መቀመጥን፣ ማንኪያ መያዝን፣ መራመድን እንደገና እንዲማር ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የማገገሚያ ማዕከል ተላከ።

ሚስቱ ስንዱ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሷ ትጠይቀዋለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ታላቅ እህቱ የሺመቤት። የሺመቤት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ መንገሻን ያሳደገችው እሷ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ሳይጣሉም ሳይዋደዱም ዐሥራ አንድ ዓመት አሳልፈዋል። ለበዓል ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየቤታቸው ናቸው።

አንድ ረቡዕ ስንዱ አጥሚት ይዛ መጣች። መንገሻ ሁለት ጊዜ ከጠጣ በኋላ ኩባያውን በእጁ ገፋ አደረገውና በሩን በሩን አየ።

«የሺ ነግራኛለች» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ነገረችህ?»

«አልጋዬን አውጥተሽ ለሰው እንደሰጠሽው። እዚህ ያስተኛሽኝ ተመልሼ እንዳልመጣ ነው።»

ስንዱ ደነገጠች። አልጋውን ከመኝታ ቤት ማውጣቷ እውነት ነበር። ነገር ግን ለማንም አልሰጠችውም። መንገሻ ከማዕከሉ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ለመጸዳጃ ቤቱ እንዲቀርብ፣ ሌሊት ሲነሳም እንዳይወድቅ ብላ ወደ ሳሎን አዛውራው ነበር። ይህን ያየ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሁድ ለጥየቃ ብቅ ያለችው የሺመቤት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስንዱ ልብ አላረፈም። የሺመቤት ደውላ «ደህና ዋልሽ» ስትላት የድምጿን ቃና ታጠናለች። አንድ ቀን የሺመቤት «በሌለሽበት ሰዓት ገብቼ የማስተካክለው ነገር አለ፤ ትርፍ ቁልፍ ካለሽ ስጪኝ» አለቻት። ስንዱ «አለኝ፣ ፈልጌ እሰጥዎታለሁ» ብላ በማግስቱ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች። የማዕከሉን ጥበቃ ደግሞ እህቱ ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጠየቀችው።

«ብዙ አይቆዩም» አላት ጥበቃው፤ «ሲወጡ ግን ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው።»

ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ያዝን ነበር። ስንዱ ግን መንገድ ሙሉ «ምን ተናግራ ነው የምታለቅሰው?» እያለች ሄደች።

በሚቀጥለው ዓርብ መንገሻ እጇን አጥብቆ ያዘና «የሺ ወደ ገጠር ልትወስደኝ ነው። ከስንዱ ጋር ከሆንክ አትድንም ብላኛለች» አላት። ስንዱ ኩባያውን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ አቶ ለገሠ ቢሮ ሄደች። አቶ ለገሠ የመንገሻን ማገገም የሚከታተሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ባለሙያ ናቸው።

«እህቱ እንዳትገባ ይከልክሉልኝ» አለቻቸው።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ሊገባ ነው» አሉ አቶ ለገሠ። «የመጀመሪያዎቹን ወራት ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አይተውም። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፤ ወጥቶ መንገዱ ሊጠፋው ይችላል። አንቺ ሥራ ስትሆኚ አብሮት የሚውለው ማን ነው?»

«ሥራዬን እለቃለሁ። ብቻዬን እችለዋለሁ።»

«ብቻሽን ከሆንሽ ወደ ቤት ይሂድ ብዬ አልፈርምም። እሱንም አንቺንም አጣችኋለሁ። ለመሆኑ ይህን ነገር ከእሷ አፍ ሰምተሻል?»

«ከባሌ አፍ ሰምቻለሁ። ባሌ ዋሽቶ አያውቅም!»

አቶ ለገሠ ሊያስረዷት ወንበራቸውን ሳብ ሲያደርጉ ስንዱ ተነስታ ወጣች። እሳቸውንም ጠረጠረቻቸው። የሺመቤት ቀድማ አነጋግራቸው ይሆናል ብላ አሰበች።

ሐሙስ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረችና ሳይጠብቋት ማዕከሉ ደረሰች። የመንገሻ ክፍል መስኮት ክፍት ነበር። ስንዱ ከመስኮቱ ሥር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ጣለች። ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ ብላለች።

መጀመሪያ የሰማችው የመንገሻን ድምፅ ነው።

«ውሰጂው፣ አልበላም። ስንዱ ነግራኛለች። አንቺ የምታመጪው ምግብ ውስጥ ነገር አለበት።»

የሺመቤት ሳህኑን ስታነሳ ተሰማ። ከዚያ «ስንዱ ናት እንዲህ ያለችው?» አለች።

«በራሷ አፍ።»

«ለካ ቁልፉን የቀየረችው ለዚህ ነው» አለች የሺመቤት በተሰበረ ድምፅ። «እኔ ቁልፉ እንቢ ሲለኝ እጄ መስሎኝ ነበር። ያንተው ትርፍ ቁልፍ እኮ ነው መንጌ፣ አንተ የሰጠኸኝ። ጠፍቶኝ ነበር እሷን የጠየቅኳት፤ ስትዘገይብኝ ፈልጌ አገኘሁትና በሱ ሞከርኩ።»

ስንዱ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። በሩን በርግዳ ገባች።

«እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?»

የሺመቤት ሳህኑን እንደያዘች ተነሳች። «አንቺስ መስኮት ሥር ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎ አይደሉም አልጋውን ለሰው ሰጠችው ያሉት? ከስንዱ ጋር አትድንም፣ ገጠር ልውሰድህ ያሉትስ?»

«እኔ?» አለች የሺመቤት። «አልጋህ ሳሎን ገብቷል፣ ስትመጣ አይቸግርህም ነው ያልኩት። ገጠርስ ማን አለኝና ነው የምወስደው?»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ መንገሻ ዞሩ።

«መንጌ፣ ይህን ማን ነው የነገረህ?» አለች ስንዱ።

«ሁለታችሁም ነግራችሁኛል» አለ መንገሻ። ፊቱ ላይ ተንኮል የሚባል ነገር አልነበረም። ስንዱ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ እውነት ሲናገር የሚታይበት ፊት ነው። ከሁሉ በላይ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

አቶ ለገሠ ጫጫታውን ሰምተው መጡና ሁለቱን ሴቶች ወደ ውጭ ወስደው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«አይዋሽም» አሉ። «አደጋው የዕለት ትዝታውን ጎድቶበታል። ትናንት የሆነውን ሲፈልገው ያጣዋል። አእምሮው ደግሞ ባዶውን ዝም ብሎ አይተወውም። እዚህም እዚያም ካገኘው ቁርጥራጭ አንድ ታሪክ ይሠራለታል፤ እሱም ያምነዋል። የፈራ ሰው አእምሮ የሚሠራው ታሪክ ደግሞ የሚያስፈራ ነው።»

ስንዱ ወደ አቶ ለገሠ ዞረች። «በልቡ የነበረው ነው እንዴ የወጣው? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠረጥረኝ ኖሯል ማለት ነው?»

«አይደለም። ቤቱ ናፍቆታል፤ እንዳያጣውም ፈርቷል። የሚጠረጥረው በጣም የሚፈልጋቸውን ሰዎች ነው።» አቶ ለገሠ ሁለቱንም አዩአቸው። «እሱስ ጭንቅላቱ ተመትቶ ነው። የእናንተን ጭንቅላት ማን መታው?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ስንዱ «ቁልፉን የፈለጉት ለምን ነበር?» ብላ የሺመቤትን ጠየቀች።

«የመጸዳጃ ቤቱን ደፍ ላስነቅልለት ብዬ ነው። እግሩን ገና አያነሳም፤ ይደናቀፋል። አንቺ በሥራ ደክመሻል ብዬ ሳላስቸግርሽ ልጨርሰው ነበር።»

ስንዱ ከቦርሳዋ አዲሱን ቁልፍ አውጥታ ሰጠቻት። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ለመናገር ግን ሁለት ቀን ፈጀባት። የሺመቤትም «እኔም ስላንቺ የተባለውን አምኜ ነበር» ለማለት ከዚያ የበለጠ ቆየች። ዕርቅ በአንድ አፍታ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጠይቁት ጀመር። አቶ ለገሠ ባሉት መሠረት አንድ ደብተር አልጋው አጠገብ አስቀመጡ። የመጣ ሰው ሁሉ የተባለውንና የተደረገውን እዚያው እሱ ፊት ይጽፋል፤ መንገሻም ያነበዋል። ቤት ውስጥ የመንገሻ የሥራ ጓደኞች ደፉን ነቀሉ፤ በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ገጠሙ። ሴቶቹ ምንጣፎቹን አነሱ፤ የደረጃዎቹን ጠርዝ እንዲታይ ቢጫ ቀቡ። የሺመቤትም ሻንጣዋን ይዛ ከነሱ ዘንድ ገባች።

መንገሻ ቤቱ የገባ ቀን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ደፉ የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሄን ማን ለሰነው? ልስኑ አልተስተካከለም» አለ። ስንዱና የሺመቤት ተያይተው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር።

ጥርጣሬው ግን ቤት ሲገባ አልጠፋም። በአራተኛው ቀን ስንዱን ጠርቶ «የሺ ነግራኛለች፤ ልትሄጂ ልብስሽን ሸክፈሻል» አላት። የድሮዋ ስንዱ ብትሆን ትምል ነበር፤ ወይም ትቆጣ ነበር። አሁን ግን እጁን ይዛ «እስቲ አብረን እንጠይቃት» አለችው።

ቀስ እያሉ ወደ ጓዳ ሄዱ። የሺመቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እታለም፣ ስንዱ ልትሄድ ነው ብለሽኛል?»

«አላልኩም መንጌ» አለች የሺመቤት ቢላዋውን አስቀምጣ። «ግን እንዲህ መስሎህ ከሆነ ፈርተሃል ማለት ነው። ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»

መንገሻ አንዴ እህቱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ያዩታል። ብዙ ካሰበ በኋላ «እንግዲያ ጭንቅላቴ ይሆናል የነገረኝ» አለ።

ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የጠረጠረው ያን ቀን ነበር። አቶ ለገሠ ይህን ሲሰሙ አብሮ የመጠየቁ መድኃኒት መሥራት ጀምሯል አሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው፦ ሕመም አንዱን ሰው ጥሎ ቢያቆም መልካም ነበር፤ ጥርጣሬ ግን አልጋው አጠገብ የተቀመጡትንም ይጥላል። ስንዱ ባሏን ጠየቀች፤ ጥበቃውንም ጠየቀች፤ መስኮት ሥርም ተቀመጠች። ያልጠየቀችው አንድ ሰው፣ የሺመቤትን ብቻ ነበር፤ ነገሩን የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች። የታመመ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረጃውንና በሩን እናዘጋጅለታለን። እርስ በርስ ያለንን መተማመን ካላዘጋጀንለት ግን የሚገባበት ቤት የለውም።

እርስዎስ ስለ አንድ ሰው ከሌላ አፍ ሰምተው፣ ሰውየውን ራሱን ሳይጠይቁ እስከ ዛሬ በልብዎ የያዙት ነገር ምንድን ነው?