ቀይ አላሳይም ያለው መስኮት

ተረት ተረት፤ የቢሮ ሰንሰለት።

ስንዱ የምትባል የከተማ ውሃ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ኮምፒውተሯ ላይ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበትን ጥቁር የተርሚናል መስኮት እያየች አራት የውሃ ፓምፖችን መጠበቅ ነው። ፓምፕ ሲግል ስለ እሱ የሚጻፈው መስመር ይቀላል ተብላ ተምራለች፤ የእሷ መስኮት ግን ሁሉንም በነጭ ይጽፋል። በጥር አንዱ ፓምፕ ጋለ፤ ከነጮቹ መስመሮች መካከል ሳትለየው ተቃጠለ። ሰፈሩ ውሃ አጣ፤ እሷም ሁለተኛ ቢደገም ከሥራ እንደምትሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጣት። በዚያች ደሞዝ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ከዚያ ወዲህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቀይ።

መስኮቱን «ቀይ አሳየኝ» አለችው።

«ስሜ ካልተቀየረ አላሳይም» አላት። «ሲተክሉኝ ቀለም የማያውቅ የአሮጌ ማሽን ስም ሰጡኝ፤ እኔም በስሜ አድራለሁ።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሄንን ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ወደ ቤቱ የቸኮለ ሠራተኛ ነው።

ስሙ የተጻፈው ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉን «ስሙን ቀይርልኝ፤ መስኮቱ ቀይ አላሳይም አለኝ» አለችው። «የኮምፒውተር ባለሙያው ካልከፈተኝ አልቀይርም» አለ።

ባለሙያውን «ፋይሉን ክፈትልኝ፤ ፋይሉ ስም አልቀይርም፣ መስኮቱ ቀይ አላሳይም አለኝ» አለችው።

«አንድ ቃል እኮ ነው፤ የደቂቃ ሥራ» አላት። «ግን ያለ ደብዳቤ አልነካም። በኋላ ጣጣው እኔ ላይ ነው፣ እህቴ።»

ኃላፊዋን «ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ባለሙያው አልከፍትም፣ ፋይሉ አልቀይርም፣ መስኮቱ ቀይ አላሳይም አለኝ» አለቻቸው። ኃላፊዋ ማመልከቻዋን አነበቡ። «ቀለም እንዲፈቀድልኝ» ይላል።

«ቀለም ንብረት ነው» አሉ። «ንብረት ክፍል ካልፈረመ አልጽፍም።»

የንብረት ክፍሉን ሰውዬ «ፈርምልኝ ወንድሜ፤ ኃላፊዋ አልጽፍም፣ ባለሙያው አልከፍትም፣ ፋይሉ አልቀይርም፣ መስኮቱ ቀይ አላሳይም አለኝ» አለችው።

«ባዶው ጣሳ ካልተመለሰ አዲስ ቀለም ወጪ አላደርግም።»

«የኮምፒውተር እኮ ነው፤ የግድግዳ አይደለም።»

«ቀለም ቀለም ነው። ጣሳ አምጪ።»

ባዶ የቀለም ጣሳ ያለው በር ጠባቂው አባባ ጉልላት ዘንድ ነበር። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ከሩቅ የቀዱትን የመታጠቢያ ውሃ የሚያኖሩት በሱ ነው።

«አባባ፣ ጣሳዎን ይስጡኝ፤ ንብረት ክፍሉ አልፈርምም፣ ኃላፊዋ አልጽፍም፣ ባለሙያው አልከፍትም፣ ፋይሉ አልቀይርም፣ መስኮቱ ቀይ አላሳይም አለኝ።»

«እኔም ውሃ ካልመጣ አልሰጥም ማለት ነበረብኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ግን እምቢ ባዩ በዛ።» ውሃቸውን ደፍተው ጣሳውን ሰጧት። ስንዱ አፈረች፤ ቢሆንም ተቀበለች።

ጣሳው ሲመለስ ንብረት ክፍሉ ፈረመ፤ እሱ ሲፈርም ኃላፊዋ ጻፉ፤ እሳቸው ሲጽፉ ባለሙያው ከፈተ፤ እሱ ሲከፍት ፋይሉ ስሙን ቀየረ፤ ስሙ ሲቀየር መስኮቱ ቀይ አሳየ። ይህ ሁሉ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

የቀላው የሁለተኛው ፓምፕ መስመር ነበር። ስንዱ ስልክ አነሳች። ከፓምፕ ቤቱ «እሱማ ጠዋት ተቃጠለ» አሏት።

የስንብት ደብዳቤዋ ጣሳ አልጠየቀም፤ ንብረት ክፍልም አልዞረም። በአንድ ፊርማ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደረሳት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለስንዱ ቤት አድርሱ።