የታችኛው ሰሌዳ

በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት የምትኖር አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበረች። ታንኳ ነበራት፤ ታንኳዋን የሚቀዝፍላት አያልሰው የሚባል ታማኝ ሰውም ነበራት። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ልጄ፤ ታገሺኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሴትዮዋና ቀዛፊው የሚግባቡት በአንድ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው የሣር ክዳን ተሠርቶለት ወደቡ ላይ ተሰቅሏል። ከማዶ ምን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሻገርና ማን እንደማይሻገር እሷ በጠመኔ ትጽፋለች፤ እሱም የፈጸመውን ከሥር ይጽፋል። ከመነሣቱ በፊት ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነብና ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይሄዳል። ያልተጻፈ አይሠራም፤ የተጻፈ አያስቀርም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ቢገኝ እኔው ራሴ እቀጥረው ነበር።

ኋላ ጉልበቷን ሲያማት ቁልቁለቱ ከበዳት። ስለዚህ የወደቡን የሚመስል ሌላ ሰሌዳ አሠርታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። የምትለውጠው ነገር ሲኖር መጀመሪያ እዚያ ትጽፋለች፤ ከዚያ ሰው ልካ የታችኛውንም ታስለውጣለች።

ይህች ሴት ይታይሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ እናቷ ያልወደደችውን ሰው አግብታ ማዶ ገባች። እናት በንዴት ጦፋ በሁለቱም ሰሌዳ ላይ «ይታይሽ ብትመጣ አታሻግር» ብላ አስጻፈች።

ንዴቷ ዓመት አልሞላም። ከዚያ በኋላ ናፍቆት ገባ። ማዶ ጭስ ባየች ቁጥር «የልጄ ቤት ይሆን?» ትላለች። የልጅቷን ማበጠሪያ ከሙዳይ አውጥታ፣ ጥርሱ ላይ የቀረውን ጸጉር አይታ፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ጠዋት አልቻለችምና ተነሥታ የቤቷን ሰሌዳ አጥፍታ «ይታይሽ ብትመጣ አሻግር» ብላ ጻፈች። ወደ ታች ሰው ልላክ ስትል ግን ወደቡ ሁሉ «እትዬ ተሸነፉ» የሚላት መሰላት፤ አፈረች። ነገ እልካለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ሆነ። ዓይኗ በየቀኑ «አሻግር» የሚለውን ስለሚያይ ውሎ አድሮ ነገሩ ያለቀ መሰላት።

ሁለት ዓመት በሯ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። «ቃሌን አንሥቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት? ይቺ ልጅ አንጀት የላትም እንዴ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጎረቤቷ ሸክላ ሠሪዋ ከማዶ ተሻግራ በቀጥታ ወደ እሷ ወጣች።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ ጨከኑ? ይታይሽን ማዶ አየኋት። ልጅ አዝላ ቆማለች። ቀዛፊው አላሻግርም ብሏት ስታለቅስ ነው ትቻት የመጣሁት።»

«አሻግር ብያለሁ እኮ!» አለች ሴትዮዋ፣ ግድግዳውን እያሳየች።

«እኔ ያየሁት የወደቡን ነው።»

ሴትዮዋ ጉልበቷን ረስታ ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ ታንኳው ገና መነሣቱ ነበር። በሰሌዳው ላይ የድሮ ቃሏ እንዳለ ቆሟል፤ ከሥሩ በቀዛፊው እጅ ሦስት ጊዜ «መጣች፣ መለስኳት» ተብሎ ተጽፏል። በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «አሻግር» ብላ ጻፈች።

ታንኳው ግን መንገዱን ቀጠለ። ቀዛፊው አንብቦ ተነሥቷል፤ ፊቱ ወደ ማዶ ነው፤ በምን ይወቅ? ወደቡ ደግሞ በገበያተኛ ጢም ብሏል። ሴትዮዋ ሰዎቹን አየች፣ ውኃውን አየች፣ ከዚያ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«አያልሰው! ተመለስ! የይታይሽ ነገር ተለውጧል፤ መጥተህ አንብብ!»

ቀዛፊው ተመለሰ። አነበበ። አልጠየቀም፣ አልተገረመም፤ «እሺ እትዬ» ብሎ ሄደ። እሷም እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ታንኳው ሲመለስ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ግን አያቱን ሲያይ ደንግጦ ፊቱን ደበቀ። እሱን ለማላመድ ብዙ ቀን ፈጀ።

እንግዲህ ልጄ፣ «በምሠራው መተግበሪያ ገጽ ላይ ምርጫውን ቀይሬ፣ ገጹም አዲሱን እያሳየኝ፣ የኤአይ ወኪሉ ለምን በአሮጌው ይሠራል?» ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። ገጽሽ የቤቷ ሰሌዳ ነው። ወኪሉ ቀዛፊው ነው፤ እሱ አልበደለሽም። ገጹና ወኪሉ የሚጋሩት መረጃ ደግሞ የወደቡ ሰሌዳ ነው። ተጠቃሚው ገጹ ላይ የለወጠው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ወርዶ እንዲጻፍ አድርጊ። ወኪሉ አንብቦ ከተነሣ መጻፉም ብቻውን አይበቃም፤ እንደገና ጥሪው፣ ምን እንደተለወጠም ንገሪው። ስክሪንሽ ላይ አዲሱን ቃል እያየሽ «ለምን አልሆነም» ብለሽ ቁጭ አትበይ። ማዶ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ።