የእትዬ ደብሪቱ ጤና አዳም ለምን ቢጫ ሆነ

ስሙኝማ! ይቺ ተረቴ ራሷ ጤና አዳም ናት፤ ሲያሸቷት ደስ ትላለች፣ ሲቀምሷት ትመራለች። መራራ አልወድም የሚል ካለ አሁኑኑ ይነሳ፤ የቀረው ጠጋ ጠጋ ይበል።

እትዬ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። የድሮ ሰፈሯ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች። አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ረድኤት ወንድ ልጅ መገላገሏን ከሰው ሰማች። ከእህቷ አይደለም፣ ከሰው። እልልታዋን ለብቻዋ አቀለጠችውና አንዲት ነገር ብቻ አማራት፤ ለሕፃኑ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም ይዛ መሄድ።

ለምን ብትሉ፣ በእነ እትዬ ደብሪቱ ቤት ልጅ ሲወለድ ከእናታቸው ጓሮ ጤና አዳም ተቆርጦ ከራስጌው ይቀመጣል፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ እዚያው ይሰነብታል። እሷ እንደዚያ ነው ያደገችው፤ ታናሽ እህቷ አልጋነሽም፣ የአልጋነሽ ልጅ ረድኤትም። ከገበያ የተገዛ አይሆንም፣ ከዚያው ሥር መሆን አለበት። ከክርስትና በኋላ የመጣ ዘለላማ ምን ሊረባ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያ ሥር ያለው ደግሞ እሷ ዘንድ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከነአፈሩ ነቅላ፣ በእናቷ ትልቅ ሰታቴ ተክላ አምጥታዋለች። በረንዳ ላይ እንዳታኖረው የሰው ዓይን ፈራች፤ ሳሎን አስገብታ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። አሁን ዘለላዋን ልቁረጥ ብትል ቁጥቋጦው ቢጫ ሆኗል። ሲነኩት ቅጠሉ እጅ ላይ ይረግፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይዞ አራስ ቤት ይገባል?

ጎረቤቷ ሙና አይታ፣ "እትዬ፣ ጠምቶት ነው!" ብላ አንድ ጆግ ውሃ ደፋችበት። ከታች ፎቅ ያሉት ጋሽ ክንፈ ደግሞ፣ "የለም፣ ርቦት ነው" ብለው ከገጠር የመጣላቸውን ማዳበሪያ በጭልፋ ሰጧት። በጭልፋ! ለአንድ ሰታቴ! ሳይውል ሳያድር የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ አረረ። ሙና፣ "ይኸው አቃጠለው፤ ውሃ ያብርደው" ብላ ሌላ ጆግ ደገመች። እትዬ ደብሪቱም ባየችው ቁጥር ሆዷ ይባባና አንድ ጣሳ ታጠጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ፣ "ውይ፣ ሲያሳዝን!" እያለ ከብርጭቆው የተረፈውን ይገለብጥበታል። ለዚያ ተክል ያላዘነ ሰው አልነበረም፤ በሐዘኔታ ብዛት ሊሞት ደረሰ።

መላው ሲጠፋባት ቅጠሉን ራሱን ጠየቀችው።

"ቅጠል ሆይ፣ እባክህ ለምልምልኝ፤ ለሕፃኑ አንዲት ዘለላ ልቁረጥ።"

"አልለመልምም" አለ ቅጠል። "ሥር ሳያበላኝ በምኔ ልለምልም?"

ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። ወደ ሥር ሄደች።

"ሥር ሆይ፣ ቅጠልን አብላልኝ።"

"አላበላም" አለ ሥር። "አፈር ሳይተነፍስ እኔ ታፍኜ በየት አቅሜ? ያ የጋሽ ክንፈ ማዳበሪያ እንኳ ከደጄ ተከምሮ ያቃጥለኛል እንጂ አንድ ጉርሻ አላነሳሁም።"

ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። ወደ አፈር ሄደች።

"አፈር ሆይ፣ ተንፍስልኝ።"

"አልተነፍስም" አለ አፈር። "ውሃ ላዬ ላይ ተኝቶብኛል። እሱ ይውረድና ማዳበሪያውንም አጥቦ ይውሰድልኝ፤ ያኔ እተነፍሳለሁ።"

አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች።

"ውሃ ሆይ፣ አንተ እንኳ ውረድልኝ። መውረድ ልማድህ አይደለም እንዴ?"

"ልማዴ ነበር" አለ ውሃ። "አሁን ግን አልወርድም። ሰታቴ መውጫ ሳይከፍትልኝ የት ልውረድ? እናንተ በየተራ እያዘናችሁ ትጨምሩኛላችሁ፤ በየት እንደምወጣ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ውሃ አልወርድም አለ፣ አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። ሰታቴውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

"ሰታቴ ሆይ፣ ለውሃ መውጫ ክፈት።"

"አልከፍትም" አለ ሰታቴ። "እኔ የድግስ ወጥ ስይዝ የኖርኩ ነኝ፤ ቂጤ ደህና ነው። ምስማር ይብሳኝና ልክፈት።"

ሰታቴ አልከፍትም አለ፣ ውሃ አልወርድም አለ፣ አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። ከመሳቢያ ውስጥ የድሮ ቤቷን በር ይዞ የኖረውን ምስማር አወጣች።

"አልበሳም" አለ ምስማር። "መዶሻ ሳይመታኝ እንዴት ብዬ?"

መዶሻውን ከአልጋ ሥር ጎተተችው።

"አልመታም" አለ መዶሻም። "እጅ ሳያነሳኝ?"

መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልበሳም አለ፣ ሰታቴ አልከፍትም አለ፣ ውሃ አልወርድም አለ፣ አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። ቀጥሎ ያለው እጅ ነው። የማን እጅ? የራሷ! አይ የሰው ነገር፤ ቤቱን ሙሉ ስትከስ ቆይታ ነገሩ እሷው ላይ ዞረ።

"እጄ፣ አንተም?" አለችው።

"እኔም አላነሳም" አለ እጅ። "ልብ ሳይፈቅድልኝ አንስቼ አላውቅም።"

ልቧን ጠየቀችው።

"አልፈቅድም" አላት ልብ። "ሰታቴው ያንቺ ብቻ አይደለም። እናትሽ ለሁለታችሁ ነው የተወችው፣ ሳትካፈሉት ነው ያለው። የጋራ ዕቃ ያለ እህት ቃል አይበሳም። ምላስ ሄዶ አልጋነሽን ይጠይቅ፣ ያኔ እፈቅዳለሁ።"

ልብ አልፈቅድም አለ፣ እጅ አላነሳም አለ፣ መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልበሳም አለ፣ ሰታቴ አልከፍትም አለ፣ ውሃ አልወርድም አለ፣ አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እትዬ ደብሪቱም ዘለላዋን አጣች። የቀረው ምላስ ብቻ ነበር።

"አልጠይቅም" አለ ምላስ። "በምን አፌ? ያን ቀን ያናገርሽኝን ረሳሽው?"

አልረሳችውም። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል አልጋነሽ መቆፈሪያ ይዛ መጥታ ነበር። "እታለም፣ ግማሹን ስጪኝ፤ የኔ ቤት ትንሽ ጓሮ አለችው" ብላ ለመነቻት። እትዬ ደብሪቱ፣ "የእናቴን ጤና አዳም እንደ ቅርጫ ሥጋ አልካፈልም!" አለቻት። "አንቺ መቼ ኮትኩተሽው ታውቂያለሽ? ስትታመም ያስታመምኳት እኔ፣ ጓሮዋን የጠበቅኩት እኔ!" አለቻት፣ ያውም ሰው እየሰማ። አልጋነሽ መቆፈሪያዋን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንዷ ካለችበት ለቅሶ ሌላዋ አትደርስም። ታላቅ፣ "ታናሽ ናት፣ እሷ ትምጣ" ብላ ጠበቀች። ታናሽም፣ "የተበደልኩት እኔ፣ እሷ ትምጣ" ብላ ጠበቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ምነው ያን ቀን ምላሷ በተያዘ!

እትዬ ደብሪቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የክርስትናው ቀን እየቀረበ ነው፣ ሕፃኑ ራስጌው ባዶ ሆኖ ተኝቷል፣ ሥሩም በዓይኗ እያየችው እየበሰበሰ ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጇን አራስ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችው አልጋነሽ ነበረች። ሸብታለች። እትዬ ደብሪቱ የእህቷን ሽበት አይታው አታውቅም ነበር፤ ሳታያት ነው የሸበተችው። ያ ከሁሉም ይልቅ አንገበገባት።

"እታለም?" አለች አልጋነሽ ደንግጣ። "ምነው፣ የሞተ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?"

"ሰታቴውን... የእማዬን ሰታቴ ልበሳው ነበር። የጋራችን ስለሆነ ልጠይቅሽ ብዬ።" ከዚያ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረገፈችው፦ "ምላስ አልጠይቅም አለ፣ ልብ አልፈቅድም አለ፣ እጅ አላነሳም አለ፣ መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልበሳም አለ፣ ሰታቴ አልከፍትም አለ፣ ውሃ አልወርድም አለ፣ አፈር አልተነፍስም አለ፣ ሥር አላበላም አለ፣ ቅጠል አልለመልምም አለ፣ እኔም ለልጃችን ዘለላውን አጣሁ።"

አልጋነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ሰታቴ ለመብሳት ፈቃድ ልትጠይቂ መጣሽ? ጤና አዳሙን ከነሥሩ ስትጭኚው ፈቃዱ የት ሄዶ ነበር?"

እውነት ምን መልስ አለው?

"ለሱም ነው የመጣሁት" አለች እትዬ ደብሪቱ ቀስ ብላ። "በድዬሻለሁ፣ አልጋነሽ። ይቅር በይኝ።" ጎንበስ ስትል ታናሿ ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት።

"ተይ እታለም፣ ታላቄ አይደለሽ እንዴ! እንዲህ አታድርጊኝ።" ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። አልጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ "ብሺው በቃ፣ እንደ ወንፊት ብሺው!" አለች። "እኔ እኮ ደውለሽ ብትጠይቂኝም ያኔውኑ ብሺው እልሽ ነበር።"

"ያኔውኑ?"

"ያኔውኑ!"

ደስ ሊላት ሲገባ ይቺ ቃል ወጋቻት። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችው በር ገርበብ ብሎ ነበርና።

አልጋነሽ አብራት አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ሁለቱ ሰታቴውን በጎኑ አጋደሙት። ያኔ ምላስ ጠይቋልና ልብ ፈቀደ፣ እጅ አነሳ፣ መዶሻ መታ፣ ምስማር በሳ፣ ሰታቴ ከፈተ፣ ውሃ ወረደ። ምን ዓይነት ውሃ! ጥቁር፣ የሚከረፋ። ንጹሕ ውሃ ጨምረው ደጋግመው አጠቡት፣ ማዳበሪያው ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። ከዚያ አልጋነሽ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰክታ፣ "እስከዚህ ሳይደርቅ ጠብታ እንዳትጨምሪ፤ ሙና ብትለምንሽም!" አለቻት። ቀን በቀን አፈር ተነፈሰ፣ ሥር አበላ፣ ቅጠልም...

ቅጠልም ትንሽ ለመለመ። ከዚያ ሁሉ ቁጥቋጦ የተረፈው አንድ ሥር ብቻ ነበር፣ ከሱም የበቀለችው አንዲት ቀንበጥ። ሌላው በስብሶ አልቋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በክርስትናው ዋዜማ እትዬ ደብሪቱ ያቺን አንዲት ዘለላ ቆርጣ ከሕፃኑ ራስጌ አስቀመጠች። ልመናዋ ደረሰላት። ልጁ ግን ያቺን የእናታቸውን ጤና አዳም ያሸተተው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። የቀደሙትን ሌሊቶች ኩርፊያ በላቸው።

የተረፈውን ሥር ለአልጋነሽ ሰጠቻት። "ውሰጂው፤ መሬት ይሻለዋል። ከተረፈ ያንቺ ነው።"

አልጋነሽ ወደ ራሷ ጓሮ ወሰደቻት። ጥግ ላይ ጎመን በቅሏል። "ያኔ እዚህ ነበር የቆፈርኩለት" አለች። "ትልክልኛለች ብዬ ብዙ ጊዜ ክፍቱን ተውኩት። በኋላ ጎመን ተከልኩበት።"

እትዬ ደብሪቱ ጎመኑን አየችው፤ ጥጉን ሞልቶ ለምልሟል። "ግማሹን ብሰጥሽ ኖሮ ዛሬ ይሄን ያህል ይሆን ነበር" አለች። "የኔው ሲሞት ከአንቺ መጥቼ እለምን ነበር።"

"አንቺ? ትለምኚኝ ነበር?" አለች አልጋነሽ።

እትዬ ደብሪቱ መሬቱን በጣቷ መጫር ጀመረች፣ ለሥሩ የምትሆን ትንሽ ጉድጓድ። "አልለምንሽም ነበር" አለች። "ያኔም ምላስ አልጠይቅም ይል ነበር።"

ተረቴ ይኸው ናት፤ ያስመረረችው ውሃ ይጠጣባት፣ ልኩን ግን ይወቅ።