ቀበሮ ያሳደገቻቸው ቆቆች

አንድ ጊዜ በአንድ የቆላ ሸለቆ የቆቅ ዘር ሊያልቅ ደረሰ። ግማሹን ሰደድ እሳት ፈጀው፤ ግማሹን ማን እንደፈጀው አገር ሁሉ ያውቃል፣ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና ማንም ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ እመት ቆቅና ባሏ ብቻ ቀሩ።

አንበሳ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «በእኔ ዘመን ዘር ጠፋ ሊባል ነው? አይደረግም!» ብሎ ሸንጎ ጠራ። ቀበሮ እጅ ነሥታ ተነሣች።

«ጃንሆይ፣ በእሾህ አጥር ተከልለው ይዋለዱ። ጠባቂያቸውም እኔ ልሁን። የቆቅን ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ይህስ እውነት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠናቸው ነው የኖረችው። አንበሳም «በአጥሩ ውስጥ አንዲት ላባ ብትጎድል፣ አንገትሽን!» ብሎ ሾማት። እመት ቆቅ ነገሩን ልቧ አልወደደውም፤ ግን ከንጉሥ ትእዛዝ ወዴት ይሸሻል? እንቁላሎቿን በአጥሩ ውስጥ ጥላ ታቀፈች።

ጫጩቶቹ ቅርፊታቸውን መሰንጠቅ ሲጀምሩ ቀበሮ ብቅ አለች።

«በይ እመት ቆቅ፣ የአንቺ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። ማሳደጉ የእኔ ነው፤ ውጪልኝ።»

«ኧረ በፈጠረሽ! አንድ ነገር ብቻ ላስተምራቸው። ጠላት ሲመጣ የምንጮኸውን ጩኸት እንኳ ሳይሰሙ?»

ነገሩ አንበሳ ዘንድ ደረሰ። ቀበሮ አንገቷን ደፍታ፣ «ጃንሆይ፣ የደነገጠ ጫጩት አይወፍርም። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ከጮኸችባቸው ከስተው ያልቃሉ» አለች። አንበሳ በዕድሜው ጫጩት አሳድጎ አያውቅም። «እውነቷን ነው፤ ጩኸት ይቅር» ብሎ ፈረደ። እመት ቆቅም እየተገፋች ወጣች።

የሚገርመው፣ ቀበሮ ቃሏን ጠበቀች። በየማለዳው ምስጥ ቆፍራ ታመጣለች፤ እየጠራች ታበላቸዋለች። ጫጩቶቹም ድምጿን ሲሰሙ እየተንጫጩ እግሯ ሥር ይርመሰመሳሉ፤ ሲደክማቸው ጅራቷን ተንተርሰው ያሸልባሉ። እመት ቆቅ ከማዶ አጋም ሥር ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። «ምነው አንዱን እንኳ በነከስሽውና ሌሎቹ በፈሩሽ!» ትላለች በልቧ። እናት እንዲህ ያለ ምኞት ስትመኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ።

«አንቺ ቀበሮ፣ ደልበዋል እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዝም በል፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም? ይልቅ ና፣ አንተም ምስጥ በትንላቸው፤ ይልመዱህ።»

«እኔ? የምበላውን እኔ ላብላው?»

«አዎ፣ አብላው። ኋላ ስታሯሩጥ አትደክምም።»

ጅብ ነገሩ አልገባውም፤ «አትደክምም» የምትለዋን ግን ወደዳትና በተነ።

ቆቆቹ አደጉ። በሚለቀቁበት ቀን አንበሳ አገሩን ሰብስቦ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አህያ አናፋች፤ ጦጣ አጨበጨበች። አጥሩም ተከፈተ።

«ጃንሆይ፣» አለች ቀበሮ ለስለስ ብላ፣ «እነሆ ከአጥሩ ወጥተዋል። አደራዬ እዚህ ላይ አበቃ?»

«አበቃ! ደግ አሳዳጊ ነበርሽ። ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም የዱር ወፍ እንደ ዕድላቸው ይኑሩ» አለና አንበሳ ሊተኛ ሄደ። እንግዶቹም ተበተኑ። ሜዳው ላይ ቀበሮና ጅብ ቀሩ።

እመት ቆቅ ጉብታው ላይ ወጥታ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ድሮ ያንን ጩኸት የሰማ ቆቅ ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋ ነበር።

«ያቺ ጯሂ ማን ናት?» አለ አንዱ ጎረምሳ ቆቅ።

«እንጃ፣ ያበደች ወፍ ትሆናለች» አለችው እኅቱ። «ይልቅ እማዬ እየጠራችን ነው። ቶሎ በል፣ ምስጡ ያልቅብናል!»

ሁሉም እየተንጫጩ ወደ ቀበሮ ሮጡ። አያ ጅቦም እውነትም አልደከመም።

በማግስቱ አንበሳ እመት ቆቅን አስጠራት። «እግዜር ያጽናሽ። ምን ይደረግ፣ የዱር ነገር እንዲህ ነው። ግን አይዞሽ፤ አጥሩ አለ፣ ልምድ ያላት አሳዳጊም አለች። ደግመሽ ጣይ።»

ቀበሮ ከጎኑ ቁጭ ብላ አፏን እየላሰች፣ «እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ጃንሆይ» አለች።

እመት ቆቅ አላለቀሰችም፤ እዬዬም ሲደላ ነው። «ጃንሆይ፣ ልጆቼ ያለቁት ትናንት አይደለም» አለች። «ፍርሃታቸውን የወሰዳችሁባቸው ቀን ነው ያለቁት።»

ይህን ብላ ከባሏ ጋር ተነሥታ በረረች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሸለቆ እንቁላል የጣለ ቆቅ የለም። አጥሩን ግን አሁንም በየዓመቱ ያድሱታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከማን መሸሽ እንዳለበት ሳያስተምሩ ቀልቦ ብቻ ማሳደግ ለበላተኛ ማደለብ መሆኑን ነው።