ዳገቱ ሥር የተኛችው በቅሎ

አንድ አያልነህ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። ሦስት በቅሎዎች እየጫነ ቆላና ደጋ ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ደክሞኛል ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ለቅዳሜ ገበያ ሊደርስ ሲገሰግስ ራሱን ያመው፣ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። "መንገድ ላይ ይለቀኛል" ብሎ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ተከናንቦ ቀጠለ።

ትልቁ ዳገት ሥር ሲደርሱ ግን ዳማዋ በቅሎ ከነጭነቷ ወደ ዛፍ ጥላ ሄዳ ተኛች። አለንጋ ቢያሳርፍባት ንቅንቅ አላለችም። ጭነቷን አራግፎ ገብስ ቢያቀርብላት ፊቷን አዞረች። በባዶ ሆዷ ልትሞትብኝ ነው ብሎ አፏን ፈልቅቆ ገብሱን በግድ ጠቀጠቀላት፤ መልሳ ተፋችው። አያልነህ ዕንባው መጣ።

በአቅራቢያው ጎጆ ያላቸው አንዲት መነኩሲት ይህን አይተው መጡ።

"ተዋት ልጄ" አሉት። "ከብት ሲታመም ጥግ ይዞ ይተኛል፤ መብል ይተዋል። ጉልበቷን ለዳገቱ ከጨረሰችው በሽታውን በምን ትታገለው?"

"እማሆይ፣ ገበያው እኮ አይጠብቀኝም!"

እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው ደነገጡ። "አንተም እሳት ሆነሃል እኮ! ና፣ ጎጆዬ ገብተህ ጋደም በል።"

"ሰው እንደ ከብት ይተኛል እንዴ?" አለና የዳማዋን ጭነት እኩሌታ ለሁለቱ በቅሎዎች ደርቦ፣ የቀረውን ራሱ ተሸክሞ ዳገቱን ተያያዘው።

በማግስቱ መንገደኞች ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወድቆ አግኝተውት በቃሬዛ ወደ እማሆይ ጎጆ ይዘውት ወረዱ። ዳማዋ በቅሎ ተነስታ ሣር ትነጭ ነበር። እማሆይ ከንፈሩን በውኃ ሲያርሱለት ዓይኑን ገለጠና "እሷ ዳነች?" አላቸው።

"ዳነች ልጄ።"

እሱ ግን ቅዳሜን ሳያይ አረፈ። ገበያው እንደሆነ ያለ እሱም ደርቶ ዋለ።

ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም እያልን የምናማው በሬን ነው። እንስሳ ግን ሐኪም ባይኖረውም፣ ሲታመም ሁሉን ትቶ መተኛት የመጀመሪያ መድኃኒቱ እንደሆነ ፈጣሪ አሳውቆታል። እኛ የገዛ ሰውነታችን እየለመነን አንሰማም፤ ጋደም ያለውንም ሰነፍ እንለዋለን። ያሳዝናል። ድካም ነውር አይደለም። ታምሞ መተኛትም ሽንፈት አይደለም፤ ሰውነት ከበሽታ ጋር የሚዋጋው እንዲያ ነው።

እርስዎስ ወዳጄ፣ ሰውነትዎ "በቃኝ" ሲልዎት፣ አላስቀምጥ ያለዎት የትኛው ገበያ ነው?